ሞኝና ወረቀት

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላል ያገራችን ሰው። ወረቀት ሲል የውል ወረቀት ማለቱ እንጂ የቁማር ካርታ ማለቱ እንዳልሆነ እናውቃለን። የሆነ ሆኖ እኛ በአንድ የመኝታ ክፍል የምንኖር ስድስት ተማሪዎች የዚህን ተረት ፍች በሚገባ የተረዳነው በካርታ ነው። እንግዲህ አንባቢያችን ሆይ፣ «ደግሞ ስለ ቁማር ምን ይጻፋል?» ብለህ ገጹን ከመግለጥህ በፊት ጥቂት ታገሠን። የያዙትን መልቀቅ ከፈተና ሁሉ የሚከብድ ትምህርት ሆኖ ስላገኘነው ነው ብዕር ያነሣነው።

ነገሩ የተጀመረው በውኃ ምክንያት ነበር። በምንኖርበት ሕንፃ ውኃ በሳምንት ሦስትም አራትም ቀን ይጠፋል። በጠፋ ቁጥር ከታች ካለው ቦኖ በጄሪካን ቀድቶ እስከ አራተኛ ፎቅ መሸከም ግድ ነው። ተራ አወጣን፤ ተራው ፈረሰ። ዕጣ ጣልን፤ ዕጣው አጨቃጨቀን። በመጨረሻ ከመካከላችን አንዱ በስልኩ የፖከር ውድድር ሲያይ አምሽቶ «በዚህ እንዳኝ!» አለ። ቅዳሜ ማታ ውድድር ይደረጋል፤ ያሸነፈ ሳምንቱን ሙሉ ጄሪካን አይነካም፤ ከሁሉ በፊት የወጣ ደግሞ የሁለት ሰው ተራ ይሸከማል። በዚህ ተስማማን።

ለመጫወቻ የሚሆን ሳንቲም ከየት ይምጣ? የአንዱ ጓደኛችን እናት የላኩለትን የሽምብራ ቆሎ ለየሰው ሃምሳ ሃምሳ ፍሬ ቆጥረን አደልን። አይ የኛ ነገር! በመጀመሪያው ማታ አንዱ እያሰበ እየቆረጠመ፣ እያሰበ እየቆረጠመ ሀብቱን ጨረሰና ከውድድሩ በገዛ ጥርሱ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በጥሬ ባቄላ ሆነ።

ጨዋታው ቴክሳስ ሆልደም የሚባለው ነው። ለየሰው ሁለት ሁለት ካርታ ተደብቆ ይታደላል። መሃል ላይ ለሁሉም የሚሆኑ አምስት ካርታዎች ይገለጣሉ፤ መጀመሪያ ሦስት፣ ቀጥሎ አንድ፣ ቀጥሎ አንድ። ከሰባቱ የተሻሉትን አምስት ያጣመረ ይበላል። ካርታ ከመታየቱ በፊት ከአዳዩ ቀጥለው የተቀመጡት ሁለት ሰዎች የግዴታ መዋጮ ያስገባሉ፤ የመጀመሪያው ትንሹን፣ ሁለተኛው ትልቁን። ሌላው በተራው ወይ እኩል ይከፍላል፣ ወይ ይጨምራል፣ ወይ ካርታውን ጥሎ ያርፋል። በውድድር ላይ ሲሆን ደግሞ መዋጮው በየጊዜው ያድጋል። ባቄላው ያለቀበት ተነሥቶ ይሄዳል።

ከመካከላችን ሂሳብ የሚወድ አለና አንድ ቀን ተቀምጦ ቆጠረው። ከ52 ካርታ ሁለት ሲታደል የሚመጣው ዓይነት 1,326 ነው። ከዚህ ውስጥ የአስ ጥንድ ስድስት ብቻ ነው፤ ማለት በ221 ዕደላ አንዴ ያህል። ማናቸውም ጥንድ ቢሆን የሚመጣው ከ17 አንዴ ነው። እንግዲያማ ደካማ ካርታ መያዝ ዕድለ ቢስነት አይደለም፤ የዘወትር እንጀራ ነው። የጨዋታው ጥበብ ሁሉ ያለው በዚህ በዘወትሩ እንጀራ ላይ መሆኑን ለመረዳት ግን ብዙ ጄሪካን ተሸከምን።

የመጀመሪያው ስሕተታችን በመልክ መታለል ነበር። አስ ያለበት ካርታ ሲመጣልን ዓይናችን ይበራል። አጠገቡ ያለው ሦስት ይሁን አራት ማን ያየዋል! ነገር ግን አስና ሦስት ይዞ ብዙ ባቄላ የሚያስገባ ሰው ማን ይከተለዋል ቢባል፣ አስና ንጉሥ የያዘው ነው። አስ መሃል ላይ ቢወጣ ለሁለቱም ወጣ፤ የሚለያያቸው ሁለተኛው ካርታ ነው፤ በዚያ ደግሞ ተሸናፊው ታውቋል። አስና ሦስት ከአስና ንጉሥ ጋር ቢጋጠም ከአራት ጊዜ ሦስቱን ያህል ይበላል። የሚያስቀው ደግሞ ይህ ነው፦ ከካርታ ሁሉ የመጨረሻ ተብሎ የሚሰደበው ቀለሙ የማይገጥም ሰባትና ሁለት እንኳ ከዚያው ከአስና ንጉሥ ጋር ቢጋጠም ከሦስት አንዴ ያህል ያሸንፋል። አስቀያሚው ከቆንጆው ይሻላል ማለት ነው! ሰባትና ሁለትን ግን ሁላችንም ሳናቅማማ እንጥላለን። የሚገድለን የሚያምረው ደካማ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ተስፋን በዋጋ መግዛት ነው። ሁለቱ ካርታዎች ባንድ ቀለም ሲመጡ «አምስቱም አንድ ቀለም ይሆንልኛል» እያልን እንከፍላለን። በመጀመሪያዎቹ ሦስት የጋራ ካርታዎች ይህ የሚሞላው ከ119 ጊዜ አንዴ ያህል ነው። ትንንሽ ጥንድም እንዲሁ ነው፤ ሁለት አራት የያዘ ሰው ሦስተኛውን አራት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ካርታዎች የሚያገኘው ከስምንት ወይም ከዘጠኝ ጊዜ አንዴ ነው። ባቄላህ ብዙ ሆኖ የሚከፈለው ጥቂት ከሆነ ይሁን፤ ሞክር። ሃምሳው ዐሥራ አምስት ከሆነ በኋላ ግን በየጊዜው ሁለት ሦስት እየከፈሉ ተስፋ መግዛት፣ ሳይታወቅ ቤት ማፍረስ ነው።

ሦስተኛው የመዋጮው ነገር ነው። በግድ ያስገባነውን ባቄላ «የኔ ነው» እንላለን። አንዱ ሲጨምርብን «ባቄላዬ እዚያ ቁጭ ብሎ እንዴት እተወዋለሁ!» ብለን ንጉሥና ስድስት ይዘን እንከተለዋለን። መሃል የገባ ባቄላ ግን የማንም አይደለም፤ የሚወስደው ሰው ነው ባለቤቱ። ጨምሮ ከፍሎ ለማየት የሚጠየቀው ዋጋ ርካሽ ሲሆን ከመዋጮው መከላከል ደግ ነው። ለጠፋው ብሎ ያለውን መጨመር ግን ካሸዋ ላይ ወተት እንደ ማፈስ ነው።

አራተኛው የመቀመጫ ጉዳይ ነው። ቀድሞ የሚናገር ሰው ከኋላው ያሉት ምን እንደያዙ ሳያውቅ ይወስናል። አዳዩ ግን የጋራ ካርታዎቹ መገለጥ ከጀመሩ በኋላ ሁሉን ሰምቶ መጨረሻ ላይ ይናገራል። ያው ካርታ ፊት ላይ ሲሆን ቆሻሻ፣ ኋላ ላይ ሲሆን ገንዘብ ሊሆን ይችላል። በክፍል ውስጥ መምህሩ ጥያቄ ሲጠይቅ መጀመሪያ እጁን የሚያወጣውንና የሁሉን መልስ ሰምቶ የሚናገረውን ልጅ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ካርታ አያስፈልገውም።

አምስተኛው ስሕተት የመጀመሪያዎቹን አራት ከተማሩ በኋላ የሚመጣ ነው፤ ፍራት ነው። መጣል ደግ ነው ብሎ ሁልጊዜ የሚጥልን ሰው መዋጮው እየበላ ይጨርሰዋል። ባቄላህ የትልቁን መዋጮ ዐሥር እጥፍ ያህል ብቻ ሲሆን ትንሽ ትንሽ መክፈል ቀረ፤ ወይ ትጥላለህ ወይ ሁሉን ታስገባለህ። እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ምሥጢር አለ። ቀድሞ ሁሉን ያስገባ ሰው ሁለት የማሸነፊያ በር አለው፤ ሌሎቹ ፈርተው ይጥሉለታል፣ ካልጣሉም ካርታው ሊያሸንፍ ይችላል። ተከትሎ የገባ ግን አንድ በር ብቻ ነው ያለው፤ ካርታው ማሸነፍ አለበት። ስለዚህ ለመከተል የሚያስፈልገው ካርታ ለመቅደም ከሚያስፈልገው ይጠነክራል። እኛ ተቃራኒውን እናደርግ ነበር፤ ለመቅደም እንፈራለን፣ ለመከተል እንጀግናለን። ጆን ፎን ኖይማን የተባለው የሂሳብ ሊቅ ከኦስካር ሞርገንሽተርን ጋር እ.ኤ.አ. በ1944 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ፖከር ሲተነትን፣ ማስፈራራት የሚገባው በመካከለኛው ካርታ ሳይሆን እጅግ ደካማ በሆነው ነው ብሏል። መካከለኛው ሊያሸንፍ የሚችልበት ሌላ መንገድ አለውና።

ይህን ሁሉ ካወቅን ታዲያ ለምን አንጥልም ነበር? እዚህ ላይ ነው የጽሑፋችን ዋና ነገር።

ከመካከላችን አንዱን «አንበሳው» ብለን ስም አውጥተንለት ነበር። ካርታ አይጥልም፤ ሁሉን ይከተላል፤ ሲያሸንፍ ክፍሉ በጩኸት ይናወጣል። ሌላውን ደግሞ «መነኩሴው» እንለው ነበር። ካርታውን ያያል፣ ይጥላል፤ ያያል፣ ይጥላል። በጣለ ቁጥር «አባ፣ ጸልዩልን!» እንለዋለን። መነኩሴው ከስድስት ሳምንት ውስጥ ሦስቱን ጄሪካን ሳይነካ አሳለፈ። አንበሳው በትከሻው ላይ ምልክት አወጣ። እኛ ግን ስማቸውን አልለወጥንም።

አንበሳው የሚያነበው ስለ ድሮ ጀግኖች ነበር። ዶይል ብራንሰን የተባለው አሜሪካዊ በላስ ቬጋስ የሚደረገውን የዓለም የፖከር ውድድር እ.ኤ.አ. በ1976 እና በ1977 ሁለቴ ተከታትሎ ሲያሸንፍ በሁለቱም ዓመት የመጨረሻው ካርታው ዐሥርና ሁለት ነበር። እስከ ዛሬ ዐሥርና ሁለት በስሙ ይጠራል። ጃክ ስትራውስ እ.ኤ.አ. በ1982 አንዲት መጫወቻ ብቻ ቀርታው ከዚያ ተነሥቶ አሸነፈ። «አያችሁ!» ይለናል አንበሳው፣ «ደካማ ካርታ የለም፤ ደካማ ሰው ነው ያለው!» እናጨበጭብለታለን። ብራንሰን በሁለቱም ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ፊቱ ቀርቶ እንደነበር፣ ሦስቱ የጋራ ካርታዎች ሲገለጡም በሁለቱም ጊዜ የሚመራው ተቃራኒው እንደነበረና ያዳኑት ከዚያ በኋላ የወጡለት ካርታዎች እንደነበሩ የነገረን የለም። በዐሥርና ሁለት የተባረሩት ሁሉ ስማቸው እንዳልተጻፈም አላሰብንም። እ.ኤ.አ. በ2003 ክሪስ መኒሜከር የተባለ የሂሳብ ሠራተኛ 839 ሰዎች የገቡበትን ያንኑ ውድድር አሸንፎ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ዶላር ሲወስድ፣ እጅግ የሚወራለት ጨዋታው በንጉሥና ሰባት ባዶ እጁን ሁሉን ያስገባበት ነው። እኛ ያየነው የእሱን ድፍረት ነው። ያ ጨዋታ የተሳካለት ግን ፊቱ የተቀመጠው ሳም ፋርሃ የዘጠኝ ጥንድ ይዞ ሳለ ስለጣለ ነው። አንድ ሰው ስላልለቀቀ ሳይሆን አንድ ሰው ስለለቀቀ ነው ታሪኩ የተፈጠረው።

በሁዳዴ ማለቂያ ላይ፣ ለፋሲካ ወደየቤታችን ልንሄድ ስንል፣ አንዱ «ባቄላ ሰለቸን፤ በገንዘብ ይሁን» አለ። ለየሰው ሁለት መቶ ብር። የወጣ ሰው ከፈለገ ሁለት መቶ ጨምሮ እንደገና መግባት ይችላል። መነኩሴው «እኔ የለሁበትም» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ሳቅንበት። አምስት ሆነን ተቀመጥን።

አንበሳው መጀመሪያ የወጣው በአስና አራት ነው፤ አስና ንግሥት ገጠመው። ሁለት መቶ ጨመረ። ሁለተኛ የወጣው ከመዋጮው ላይ ንጉሥና ስድስት ይዞ ተከትሎ ነው። ሁለት መቶ ጨመረ። በሦስተኛው ግን ዝም አለ። ረጅም ሰዓት ካርታ ሲጥል አየነው። ጨዋታው እየገባው ነበር። ከዚያ አንድ ዕደላ ላይ ሰው ሁሉን አስገባበት። ካርታውን አየ፤ እጁ ወደ መጣሉ ሲሄድ ሁላችንም አይተናል። ከመካከላችን አንዱ፣ ማን እንደሆነ አንጽፍም፣ «አንበሳም ይጥላል እንዴ?» አለ። የቀረነው ሳቅን። እጁ ተመለሰ። «ካፈርሁ አይመልሰኝ» አለና ያለውን ሁሉ ገፋው።

ዐሥርና ሁለት ነበር። ዐሥሩም ሁለቱም አልወጣለትም።

ያሸነፈው በያይነቱና ሻይ ጋበዘን፤ አንበሳውም አብሮን በላ፤ ከሁላችንም በላይ ሳቀ። በጸሎተ ሐሙስ ዕቃችንን ይዘን ስንወጣ «እኔ የመመረቂያ ጽሑፍ ስላለብኝ እዚሁ እቆያለሁ» አለን። «ጎበዝ!» ብለነው ሄድን። አንዳችንም ስድስት መቶ ብር ለእሱ ምን እንደሆነች አላሰላንም። አንበሳ ሰው አይታሰብለትም መሰለኝ።

ከበዓል ስንመለስ በር ላይ ያሉት ጋሼ ዘበኛው ሻንጣችንን ሲፈትሹ «ያ ጓደኛችሁ ደግ ልጅ ነው» አሉ። «ጾሙን የፈታው እኔ ጋ ነው። ልጄ፣ ለምን ቤትህ አልሄድክም ብለው ምንም አልመለሰልኝ። መሳፈሪያ አጥቶ ይሆን?» አሉን። ተያየን። ደረጃውን ስንወጣ ማንም አልተነፈሰም።

ክፍል ውስጥ ጠረጴዛው ላይ በከረጢት የታሰረ የሽምብራ ቆሎ ተቀምጧል። እናቱ በሚመጣ ሰው ልከውለት ነው። ለእናቱ ፈተና አለብኝ ብሏቸው ኖሯል። «ከጓደኞቼ ጋር ብሉ ብላለች፤ ብሉ እንጂ!» አለን። ያን ቀን ያንን ቆሎ የቆረጠመ የለም። ያ መጀመሪያ በውድድር ስም የበላነው ሽምብራም የእሳቸው ነበር።

ማታ ስድስት መቶ ብር አዋጥተን ሰጠነው። ፊቱ ተለወጠ። «ቁማር ነው፤ ተጫወትኩ፤ ተበላሁ፤ አለቀ። ምጽዋት አልለመንኩም» አለ። ለመንነው፤ ጭራሽ ብሶ ተቆጣ። ይህን ጊዜ እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ የቆየው መነኩሴው ከአልጋው ላይ ቀና ብሎ «ወንድሜ፣ ይህም እኮ ካርታ ነው። ጣለው» አለው።

ብዙ ዝም አለ። ከዚያ ብሩን ተቀበለ። ዓርብ ተሳፍሮ ለዳግማይ ትንሣኤ እናቱ ቤት ደረሰ።

አንባቢያችን ሆይ፣ ስለ ደካማ ካርታ የተማርነው ይህ ነው። ቁጥሩን ማንም በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊያጠናው ይችላል። አስና ሦስት ከአስና ንጉሥ እንደሚያንስ፣ ከመዋጮ ላይ በጭፍን መከተል እንደሚያከስር፣ አጥብቆ ሲያጥር ቀድሞ መግባት ከመከተል እንደሚሻል፣ ይህ ሁሉ የእውቀት ነገር ነው። አንበሳው ያን ማታ የጎደለው እውቀት አልነበረም፤ እጁ ወደ መጣሉ ሄዶ ነበር። የመለሰችው የኛ ሳቅ ናት። ሰው ደካማ ካርታ የማይጥለው ካርታውን አምኖ ሳይሆን ዙሪያውን የተቀመጡትን ፈርቶ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ጥሩ ተጫዋች ለመሆን መጣልን መማር ያስፈልጋል፤ ጥሩ ጓደኛ ለመሆን ደግሞ የሚጥለውን ሰው አለመሳቅ ያስፈልጋል። በትምህርት ክፍል ምርጫ፣ በፍቅር፣ በክርክር ላይም ያየነው ይኸው ነው። ስንቱ ወዳጃችን የማይሆነውን ነገር የሙጥኝ ብሎ የያዘው እኛ ስላየነው ይሆን?

አሁን ወደ ባቄላችን ተመልሰናል። በገንዘብ መጫወት ቀርቷል፤ የሁላችንንም ስም መልሰናል፣ አንበሳም መነኩሴም የለም። አንድ ደንብም ጨምረናል፤ የጣለ ሰው ካርታው ተገልብጦ ይቀመጣል፣ ምን ነበር ተብሎ አይጠየቅም።

ባለፈው ቅዳሜ ከዳግማይ ትንሣኤ የተመለሰው ጓደኛችን ሁለት ካርታውን አይቶ፣ ጥቂት አሰበና፣ ተራው ሲደርስ ገልብጦ ጣላቸው። ቀና ብሎ ዙሪያውን አየን። ሁላችንም ባቄላችንን እየቆጠርን ነበር። ምን እንደነበሩ እስከ ዛሬ አናውቅም። ውድድሩን ያሸነፈው እሱ ነው። የዚህ ሳምንት ጄሪካን የኛ ነው፤ ውኃውም ይኸው ዛሬ ጠፍቷል።